ልፋታችንን እኛም እንቁጠረው

(በክሊኒካችን የጠዋት የጤና ትምህርት ሰዓት ለባለትዳሮች የተደረገ ንግግር)



ማልዳችሁ ተነሥታችሁ፣ ልጅ አዝላችሁ ወይም ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ፣ አንዳንዳችሁም ከመሥሪያ ቤት አስፈቅዳችሁ እዚህ አግዳሚ ላይ ተቀምጣችኋል። በዚህ ሰዓት ብዙውን ጊዜ የምናስተምረው ስለ ክኒኑ፣ ስለ መርፌው፣ በክንድ ቆዳ ሥር ስለሚቀበረውና ስለ ሉፑ እንደሆነ የምትመላለሱ ሁሉ ታውቃላችሁ። ዛሬም ወደዚያው መድረሴ አይቀርም። አስቀድሜ ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ትናንት ምን ሠራችሁ?

ጮክ ብላችሁ አትመልሱልኝ፤ በሆዳችሁ ያዙት። አብዛኞቻችሁ በልባችሁ «ኧረ ምንም» እንዳላችሁ እገምታለሁ። ለአዲስ ተገልጋይ ካርድ ስንሞላ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ የልጆች ብዛት እያልን ጠይቀን «ሥራ» ከሚለው ላይ ስንደርስ፣ ብዙ እናቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሥራ የለኝም፤ ቤት ነው የምውለው» ይሉናል። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት እንዲሁ አለችኝ። የሦስት ወር ሕፃን አቅፋለች፤ የአራት ዓመቱ ደግሞ ቀሚሷን ይዞ ቆሟል። ነገሩ ከንክኖኝ «ለመሆኑ ትናንት በስንት ሰዓት ተነሣሽ?» አልኳት።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታለች። በሰፈራቸው ውሃ የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ ቧንቧው ሲያንኮራፋ ሰምታ ወጥታ በርሜሉንና ጀሪካኖቹን ሞላች። ሕፃኑን አጠባች። ሊጡ ደርሶ ስለነበር አብሲት ጣለች። ለባለቤቷ ቁርስ አቀረበች፤ ትልቁን ልጅ አጥባ አለበሰች። ሊጡ ኩፍ ሲል እንጀራ መጋገር ጀመረች፤ መብራት መሃል ላይ ስለሄደባት የቀረውን ማታ ጨረሰችው። በመካከሉ ሽንት ጨርቅ አጠበች፣ ወጥ ሠራች፣ ጎረቤት ለቅሶ ደርሳ መጣች። ይህን ሁሉ በጣቴ እየቆጠርኩ ሰማኋትና «ታዲያ ይህ ምንድን ነው?» ብላት፣ ሳቅ ብላ «ይሄማ ሥራ ነው እንዴ ሲስተር? ይሄማ ያው ኑሮ ነው» አለችኝ።

ይህች መልስ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። እስቲ እርሷ «ያው ኑሮ» ካለችው ውስጥ አንዱን ብቻ ወስደን እንቁጠር። አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። መካከሉን 10 ብለን እንያዘው። ልጁ እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት በቀር ምንም ነገር፣ ውሃም ቢሆን፣ እንዳይቀምስ እንመክራለን። 6 ወር 180 ቀን ነው ብንል 1,800 ጊዜ ይመጣል። 1,800 ጊዜ ተቀምጦ፣ ልጁን አስተካክሎ ይዞ፣ አጥብቶ፣ አስገስቶ ማስተኛት! ከዚህ ውስጥ ስንቱ ሌሊት እንደሆነ የሚያውቀው ያጠባ ሰው ብቻ ነው። ይህን ለፈጸመች እናት የሚሰጥ ሜዳሊያ የለም፤ እርሷም ራሷ «ምንም አልሠራሁም» ትላለች።

(እግረ መንገዴን ላስታውሳችሁ። ልጁ ከ6 ወር በታች ከሆነ፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ የሚጠባ ከሆነና የእናቲቱ የወር አበባ ካልተመለሰ ማጥባቱ ራሱ እርግዝናን ይከላከላል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን መተማመን አይቻልምና ሌላ ዘዴ ለመጀመር ወደ እኛ መምጣት ያስፈልጋል።)

ልጆች ሳለን እንዲህ አልነበርንም። ልጅ የመጀመሪያዋን እርምጃ ሲራመድ ቤተሰቡ ሁሉ ያጨበጭባል። ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ በደብተሩ ላይ «ጎበዝ» ብሎ ይጽፍለታል። ሰኔ 30 ካርዱን ይዞ እየሮጠ ይመጣል፤ አባት ያያል፣ እናት ትስማለች፣ ጎረቤት ሳይቀር ሳንቲም ይሰጣል። ካደግን፣ ከተዳርንና ልጆች ከወለድን በኋላ ግን ሰኔ 30 የሚባል ነገር የለንም። ሥራችን በዛ እንጂ አላነሰም፤ የሚያይልንና «ጎበዝ» የሚለን ሰው ግን ጠፋ። አዋቂ ሰው ይህን ከራሱ መማር አለበት፤ ማንም ሳያስተምረን ያለፈ ትምህርት ስለሆነ ነው ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት።

እኔም ብሆን ከሌላው የተሻልኩ አልነበርኩም። ከነርስ ትምህርት ቤት በዲፕሎማ ተመርቄ በ2003 ዓ.ም. በአንዲት አነስተኛ ከተማ በማዋለጃ ክፍል ስመደብ ገና የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በክረምት አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ አምስት እናቶች ተከታትለው መጡብኝ። አብራኝ የነበረችው አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ብቻ ናት። ዝናቡ ሲብስ መብራት ሄደና ሁለቱን እናቶች በእጅ ባትሪ አዋለድኩ።

ሥራውን ለማታውቁ ትንሽ ላብራራ። ልጅ እንደተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እናቲቱ ኦክሲቶሲን የተባለውን፣ ማህፀን የሚያኮማትረውን መርፌ ትወጋለች። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ደግሞ ለሁለት ሰዓት ያህል በየ15 ደቂቃው ሆዷ ላይ እጅ አድርጎ ማህፀኑ መጠንከሩን ማየት ያስፈልጋል፤ ማህፀን ከላላ ደም ይፈሳልና። ለአንዲት እናት 8 ጊዜ፣ ለአምስት እናቶች 40 ጊዜ መሆኑ ነው።

ሲነጋ አምስቱም እናቶች ደህና ነበሩ፤ አምስቱም ሕፃናት ጡት ይዘዋል። ተረኛነቱን የምትረከበኝ አለቃዬ ገብታ ክፍሉን ቃኘችና መዝገቡን ገለጠች። «የሦስተኛዋን እናት የመጨረሻ የደም ግፊት አልሞላሽም፤ ትሪውም ሳይታጠብ አድሯል» ብላኝ አለፈች። የተናገረችው እውነት ስለነበረ አልፈርድባትም። እኔ ግን ወደ ቤቴ ስሄድ እንባዬ እየመጣ «ይህ ሥራ ለእኔ አልተፈጠረም፤ ልተወው» እያልኩ ነበር።

አከራዬ በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። ቡና አፍልተው ጠሩኝ። «ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ?» አሉኝ።

«ምን እባክዎ እማማ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስሳሳት አደርኩ። አንድም የረባ ነገር አልሠራሁም» አልኳቸው።

«ስንት ወለደ?»

«አምስት።»

«የሞተ አለ?»

«ኧረ የለም!»

ሲኒውን አስቀመጡና ትኩር ብለው አዩኝ። «ታዲያ ምንም አልሠራሁም የምትዪው ሰው ስላልሞተ ነው?»

እህታቸው በወሊድ ጊዜ ደም ፈሷት እንደሞተችባቸው የነገሩኝ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። የዚያን ዕለት አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዬን ቆጠርኩት። አርባ ጊዜ እጄን ሆድ ላይ አድርጌያለሁ። አርባውንም ጊዜ ማህፀኑ ጠንክሮ አገኘሁት፤ ከላላም አሽቼ አጠነከርኩት። የሥራዬ ውጤት ደም አለመፍሰሱ ነበር። ያልፈሰሰ ደም ደግሞ ለማንም ዓይን አይታይም። ያልታጠበ ትሪ ግን ከበሩ ጀምሮ ይታያል።

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ነገሬ እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው የአዋቂ ሰው ሥራ እንደዚህ ነው። ውሃው ተፈልቶ ስለተጠጣ ልጁ ተቅማጥ አልያዘውም፤ ያልያዘው ተቅማጥ ስም የለውም። ወሩ ሳይበደሩ አለፈ፤ ያልተበደሩትን ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። ባል በሥራ ቦታ ተናዶ መጥቶ አፉ ላይ የደረሰውን ክፉ ቃል ዋጠው፤ ያልተነገረ ቃል ማን ይሰማዋል? ልጁን በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ9 ወሩና በ15 ወሩ ላስከተባችሁ ወላጆች ውጤቱ ልጁ በኩፍኝ አለመታመሙ ነው። ታሞ ቢሆን ሰፈሩ ሁሉ ይጠይቀው ነበር።

እኛ እዚህ የምንሰጠው አገልግሎትማ ከሁሉም ይልቅ እንዲህ ዓይነት ነው። አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ሌላ እርግዝና ከመሞከሯ በፊት ቢያንስ 24 ወር እንድትቆይ እንመክራለን። በየሦስት ወሩ የሚወሰደውን መርፌ የመረጠች ሴት በሁለት ዓመት ውስጥ 8 ጊዜ ትመጣለች። 8 ጊዜ ተሰልፋ፣ 8 ጊዜ ለልጇ ጠባቂ ፈልጋ፣ አንዳንዴም አማት እንዳያዩ ተደብቃ። ውጤቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ልጅ እስኪጠግብ ይጠባል፤ ጉልበቷም ይመለሳል። ይህን ግን ማንም «እንኳን ደስ ያለሽ» አይላትም። የሚባለው ለመጣ ነገር እንጂ ላልመጣ ነገር አይደለም።

አንዳንዶቻችሁ «ራስን ማመስገን በእኛ ዘንድ ነውር አይደለም ወይ? ሙያ በልብ ነው ተብሎ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ተብሏል። እኔም ሰው ፊት ወጥቶ የሚደነፋ ሰው አልወድም። ግን ተረቱን ልብ ብላችሁ ስሙት። በልብ ይሁን አለ እንጂ ልብም አይወቀው አላለም። የብዙዎቻችን ችግር ሙያችን ከአፋችን ብቻ ሳይሆን ከልባችንም መጥፋቱ ነው። ደግሞስ ሰው ሲደክም አይተን «ልፋትሽን ይቁጠርልሽ» «ድካምህን ይቁጠርልህ» እያልን እንመርቅ የለም? ፈጣሪ እንዲቆጥርልን የምንለምነውን ነገር እኛ ራሳችን ቆጥረን አናውቅም።

በዚህ ነገር አንድ ጥሩ ትዝታ አለኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ሥልጠናውን ወስደው በሥራ ላይ ያዋሉ ቤተሰቦች «ሞዴል ቤተሰብ» ተብለው ይመረቁ ነበር። ከከተማ ወጣ ብላ የምትኖር አንዲት እናት ቤት ለጥየቃ ሄጄ የምስክር ወረቀቷን በመስታወት አስገብታ ከሠርግ ፎቶግራፋቸው ጎን ሰቅላው አየሁ። መጸዳጃ ቤት መቆፈር፣ እጅ መታጠቢያ ማዘጋጀት፣ ልጅ ማስከተብ፣ ሁሉም የየዕለት ነገር ነው። እርሷ ግን ከሠርጉ ፎቶግራፍ ይልቅ የዚያን መስታወት አቧራ ነበር ቶሎ ቶሎ የምትጠርገው።

አሁን «ቢቆጠር ባይቆጠር ምን ለውጥ ያመጣል?» ለሚሉ ከዚሁ ከክሊኒካችን የገጠመኝን ልንገራቸው። የሁለት ልጆች እናት የሆነች፣ በሱቅ ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት ሴት ክኒን ጀምራ ሰባት እሽግ አንድ ቀን እንኳ ሳታጓድል ጨረሰች። አንዱ እሽግ 28 ክኒን ስለሆነ 196 ቀን መሆኑ ነው። በስምንተኛው እሽግ ላይ እህቷ ታማ ሆስፒታል ስታስታምም ሁለት ቀን ረሳች። ባስታወሰች ጊዜ «እኔ ድሮም ለምንም አልሆን» ብላ የቀረውን እሽግ ከቆሻሻ ጋር ጣለችው። ሲስተሮቹ ይቆጡኛል ብላ አፍራ ወደ እኛም ሳትመጣ ቀረች። ከአምስት ወር በኋላ ስትመጣ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ባለቤቷ ሥራ የፈታው በዚያው ሰሞን ነበር። «አስቤበት ቢሆን ኖሮ...» ብላ ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አቃታት። 196ቱን ቀን ያጠፋባት ሁለቱ ቀን አይደለም፤ 196ቱን ሳትቆጥር ሁለቱን ብቻ መቁጠሯ ነው።

ስለዚህ ይህን በደንብ ያዙልኝ። በብዛት የምንሰጠውን ጥምር ክኒን የምትወስድ ሴት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብትረሳ ባስታወሰች ሰዓት አንድ ክኒን ወዲያው ትዋጥ፤ የዕለቱንም በሰዓቱ ወስዳ ትቀጥል። ሁለቱን በአንድ ቀን መዋጥ ቢያጋጥማትም አይጎዳትም። ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ በተከታታይ ከረሳች አንዱን ወዲያው ውጣ ትቀጥል፤ ለ7 ቀን ያህል ግን ባልና ሚስት በኮንዶም ይጠቀሙ ወይም ይታቀቡ። የእሽጉ መጨረሻ ላይ ከሆነች አወሳሰዱ ትንሽ ስለሚለይ፣ ባለፉት 5 ቀናት ውስጥ ግንኙነት ከነበረም ድንገተኛ መከላከያ ልትወስድ ስለምትችል ሳትውል ሳታድር ወደ እኛ ትምጣ። የምታጠቡ እናቶች የምትወስዱት ክኒን የተለየ ነው፤ ከሦስት ሰዓት በላይ መዘግየት እንኳ ጥንቃቄ ይጠይቃልና ለብቻ ጠይቁን። የሦስት ወሩ መርፌ ቀጠሮ ያለፈባችሁ ደግሞ እስከ 4 ሳምንት ቢያልፍ እንኳ ያለ ችግር ልንወጋችሁ እንችላለን። ከዚያም በላይ ቢያልፍ ኑ፤ አይተን እንጀምራለን። «ቀኔ አልፏል» ብሎ መቅረት ብቻ ነው መድኃኒት የሌለው።

እኛም ከጥፋት ነፃ አይደለንም። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ መዝገባችንን ገልጬ አየሁት። የቀጠሮ ቀን ያለፈባቸውን በቀይ እስክሪብቶ አስምረንባቸዋል። በሰዓቱ ለመጡት ምንም ምልክት የለም። ለሁለት ዓመት አንድ ቀን ሳታዛንፍ የመጣች ሴት ስሟ ከወረቀቱ ጋር ተመሳስሎ ተኝቷል።

ነገሩን ወንዶቻችን ቶሎ የሚረዱት በዕቁብ ስንመስለው ነው። የዕቁብ ጸሐፊ ያልከፈለውን ብቻ እየጻፈ የከፈለውን ሳይጽፍ ቢቀር ማን ዝም ይለዋል? ዳኛው ፊት ያቆመዋል! እኛ ግን በራሳችን ላይ እንዲህ ዓይነት ጸሐፊ ሾመን ዕድሜያችንን እንገፋለን።

አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው «እችላለሁ» ብሎ በራሱ እንዲያምን የሚያደርገው ከሁሉ በላይ ከዚህ በፊት ሠርቶ የተሳካለት ነገር እንደሆነ አስረድቷል። ከምክርም፣ ከማበረታቻ ቃልም ይልቅ ማለት ነው። በተማሪነቴ ይህን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ የገባኝ ግን በኋላ ነው። የሠራነውን ካላየነው የሚያበረታን ስንቅ ቤታችን ውስጥ ተቀምጦ እየተራብን ነው።

ወንድሞቼ፣ የእናንተን ነገር ዘንግቼ አይደለም። ሚስቱን ይዞ የሚመጣ አንድ የሚኒባስ ሹፌር አለ። (እንዲህ ያሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ቢበዙ ደስ ይለናል።) አራት ዓመት ሙሉ ዕቁቡን ሳያቋርጥ ጥሎ የኪራይ ቤት ትተው ሁለት ክፍል ቤት ሠርተዋል። ማምሻውን ከጓደኞቹ ጋር መቀመጥ ትቶ በጊዜ ይገባል። ይህን ሚስቱ ስትነግረኝ እርሱ አንገቱን ደፍቶ «እኔ ምን ሠራሁ? ግዴታዬን ነው የተወጣሁት» አለ። መልሱ ጨዋነት አለው፤ ግን ትክክል አይደለም። ግዴታ ስለሆነ አልተሠራም ማለት ነው እንዴ? ግዴታውን ያልተወጣ ሰው ሲወቀስ እንሰማለን፤ የተወጣው ለምን እንዳልሠራ ሰው ይቆጠራል? በኋላ ሚስቱ ብቻዋን ስትመጣ «ሲስተር፣ አንዳንዴ ሌሊት ተነሥቶ ይቀመጣል፤ ከእኩዮቼ ወደኋላ ቀረሁ ይላል» አለችኝ። ይህ ሰው የራሱን ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተቀምጦ አላየውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኔና ባለቤቴ የምናደርገውን ልንገራችሁ፤ ምናልባት ያስቃችሁ ይሆናል። ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ በየተራ የዕለቱን አንድ ሥራችንን እንናገራለን። አንድ ብቻ ነው፤ ትልቅ መሆን የለበትም። «ዛሬ ልጁን ሳልጮህበት ሂሳብ አስጠናሁት።» «ዛሬ እናቴን ደውዬ ጠየቅኋት።» «ዛሬ ክኒኔን በሰዓቱ ወሰድኩ።» አንድ ሕግ አለን፤ «ግን» የሚባል ቃል አይገባም። «ወጥ ሠራሁ፣ ግን ጨው በዛበት» አይባልም። ጨውን ወጡ ራሱ ይናገራል። ሰሚው ደግሞ «ደግ አደረግሽ» ወይም «እሰይ» ከማለት በቀር አስተያየት አይጨምርም።

መጀመሪያ ላይ ሥራው እንዳይመስላችሁ ቀላል። በመጀመሪያው ሳምንት ባለቤቴ «ዛሬ ውሃ ቀዳሁ» ሲል «እኔ በየቀኑ ስቀዳ ማን ተናገረ?» ብዬው ጀርባና ጀርባ ሆነን አደርን። ጥፋቱ የእኔ ነበር። የራስን ሥራ መቁጠር ከሌላው ጋር መመዘን አይደለም፤ ሚዛን ከገባ ክርክር ይሆናል፤ ክርክር ከሆነ ደግሞ ሁለታችንም ወደ ዝምታችን እንመለሳለን። እያንዳንዱ የራሱን ይቁጠር፤ ሌላው ይስማ።

ይህን ስል ግን እህቶቼ፣ ሸክማችሁን ችላችሁ ዝም በሉ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ነገሩ በተቃራኒው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ የእኔን ሲሰማ የቆየው ባለቤቴ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማንም ሳይነግረው የልጆቹን ልብስ ዘፍዝፎ አገኘሁት። ለዓመታት ተጨቃጭቄ ያላገኘሁት ነው። ያልተነገረና ያልተቆጠረ ሸክምን ሰው እንዴት ይካፈለዋል?

የትዳር ጓደኛችሁ ለዚህ ነገር ትዕግሥት ከሌለው ብቻችሁንም ይሆናል። ቡና ስታፈሉ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያላችሁ ሲኒውን ትቆጥሩ የለም? በረካው ላይ የዕለቱን አንድ ነገር በልባችሁ በሉ። ክኒን የምትወስዱ ደግሞ ግድግዳ ላይ ባለው የዘመን መቁጠሪያ ላይ በየቀኑ ትንሽ ጭረት አድርጉ፤ እንዳትረሱም ይረዳችኋል፤ የወሩ መጨረሻ ላይ የጭረቱን ብዛት ስታዩም አንድ ነገር ይሰማችኋል። የቀጠሮ ካርዳችሁ ጀርባም ባዶ ነው፤ ብትጽፉበት አንቆጣም።

ውሸት ግን አይገባም። ያልሠራነውን ሠራን ማለት፣ ጥፋታችንን መሸፈን አይደለም የምላችሁ። ያጠፋነውን አንድ ጊዜ ተናግረን እናስተካክለው፤ አሥር ጊዜ አንድገመው። የዚያች ሌሊት አለቃዬ ትሪውን በማስታወሷ እስከ ዛሬ ትሪ ሳላጥብ ከተረኛነት ወጥቼ አላውቅም። አርባውን ግን እርሷ ልታስታውሰኝ አትችልም ነበር።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀመጥ በደል ይሆንብኛል። በተለይ ከወሊድ በኋላ «ለምንም አልረባም» የሚለው ስሜት ከልማድ አልፎ ሕመም የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከሁለት ሳምንት በላይ ልቧ ያዘነ፣ ሕፃኑ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ እንቢ ያላት፣ ምግብ ያስጠላት፣ ልጇን ማየት የከበዳት እናት ካለች ይህ ስንፍናም የእምነት ጉድለትም አይደለም። የሚታከም በሽታ ነው። ለእርሷ «ሥራሽን ቁጠሪ» ማለት እግሯ የተሰበረን ሰው ተራመጂ እንደማለት ነው። ወደ ጤና ተቋም ትምጣ። ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ደግሞ ቀጠሮ የለም፤ በዚያው ዕለት፣ ብቻዋንም ሳትሆን ትምጣ። ባሎች፣ ይህን መጀመሪያ የምታዩት እናንተ ናችሁ። እንዲሁም በቤቷ ስድብና ዱላ ያለባት እህት የእርሷ ችግር በማታ ጨዋታ አይፈታም። በሩን ዘግተን ብቻችንን የምንነጋገርበት ክፍል አለ።

ካርድ ክፍል ያለችው እህታችን ስም ለመጥራት እየተዘጋጀች ስለሆነ ላብቃ። መርፌ ያላችሁ በቀኝ በኩል፣ ለምክር የመጣችሁ በግራ በኩል ትገባላችሁ። ባለቤቶቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ አብራችሁ ግቡ፤ ውጪ አታስቀምጧቸው።

ለመዝገቡም ዛሬ ጠዋት ከሱቅ አንድ አረንጓዴ እስክሪብቶ ገዝቼ መጥቻለሁ። በቀጠሮው ቀን ለመጣ ሁሉ ስሙ ጎን ምልክት አደርጋለሁ፤ ከፈለጋችሁ ቆማችሁ እዩት። ተራ ቁጥር አንድ ማን ናት?